ኪኒኑ በአራተኛው ወር ሲደርስ የሕፃኑ ጀርባ ተዘግቶ አልቋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ እርግዝና በጋዜጣና በሬዲዮ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው የሚጀምረው ሴቲቱ ሆዷ ገፍቶ ለክትትል ከመጣች በኋላ ነው። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ምጥ፣ ስለ ጡት ማጥባት ብዙ ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። የሚዘለለው የመጀመሪያው ወር ነው። የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚታጠፉትና የሚዘጉት ግን በዚያ ወር ነው፤ እናቲቱ «አርግዤ ይሆን?» ብላ ገና ሳትጠረጥር። በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚያ ወር በዝርዝር ለመናገርና አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው፤ ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም ፎሌት የተባለው ቪታሚን በኪኒን መልክ፣ ከእርግዝና በፊት ይሰጥ።

መጀመሪያ አቆጣጠሩ ይጥራ፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነውና። አዋላጅ ነርሷ «የስድስት ሳምንት እርግዝና ነው» ስትል የምትቆጥረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስታ ነው። ፅንሱ የሚፈጠረው ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ «የስድስት ሳምንት» የተባለው ሽል ዕድሜው አራት ሳምንት ብቻ ነው። በዚህ አቆጣጠር እርግዝና 280 ቀን ነው። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን በመሆኑ ስሌቱ ይቀላል፤ የወር አበባው በታየበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን መደመር ነው። ጥቅምት 1 ቀን ከታየ መውለጃው ሐምሌ 11 ገደማ ይሆናል። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች አምስቱን ቀን እሷ ስለምትወስድ የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። ጥር 15 የታየ እንደሆነ ጥቅምት 20 ላይ ያርፋል። ቀኑን የረሳች እናት በበዓል ብትጠየቅ ይመጣላታል፤ «የሚካኤል ማግስት ነበር» ካለች 13 አለች ማለት ነው፣ «ለማርያም ሁለት ቀን ሲቀረው» ካለች 19። የተጣራ ቀን ከሌለ ሁሉም ነገር ይዛነፋል፤ ያለ ጊዜው የተወለደው በጊዜው እንደተወለደ ይቆጠራል፣ ያለፈበትም እንዳላለፈበት።

አሁን ወደ ሽሉ። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ልትፀነስ የምትችለው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ ሳይሆን በማህፀን ቱቦው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። በ30 ሰዓት ገደማ አንዱ ሕዋስ ሁለት ይሆናል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን መሐል 16 ያህል ሕዋስ ያለው ድቡልቡል ነገር፣ በአምስተኛው ቀን ውስጡ ፈሳሽ ያዘለ ኳስ። ይህ የሚሆነው በቱቦው ውስጥ ወደ ማህፀን እየተጓዘና ማህፀን ሲደርስ ነው። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን የማህፀኑን ግድግዳ መያዝ ይጀምራል። ቱቦው በቀድሞ ኢንፌክሽን ጠባሳ ከጠበበ መንገድ ላይ ይቀርና እዚያው ያድጋል። የወር አበባዋ የቀረ ሴት በአንድ ወገን ከባድ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከመጣባት ይኸው ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ የሚያድር ነገር አይደለም።

ከፅንሰት በሦስተኛው ሳምንት ሽሉ ሦስት ንጣፍ ይሆናል። ከላይኛው ንጣፍ ቆዳና የነርቭ ሥርዓት ይወጣሉ፤ ከመካከለኛው አጥንት፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ ደምና ኩላሊት፤ ከታችኛው የአንጀትና የሳንባ የውስጥ ሽፋን፣ ጉበትና ቆሽት። በ18ኛው ቀን ገደማ በላይኛው ንጣፍ መሐል ለመሐል ወፈር ያለ ሰሌዳ ይታያል። እንጀራ ሲበስል ጠርዙ ከምጣዱ ብድግ እንደሚል፣ የዚህ ሰሌዳ የግራና የቀኝ ጠርዝም ብድግ ይላል። መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ጠርዞቹ ወደ ላይ አድገው እርስ በርስ ይጎነበሳሉ፣ በጀርባ በኩል ይነካካሉ፣ ይገጥማሉ። ጠፍጣፋ የነበረው ቱቦ ሆነ ማለት ነው። መግጠሙ የሚጀምረው በ22ኛው ቀን ገደማ፣ ኋላ አንገት በሚሆነው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ እንደ ዚፕ በሁለት አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ራስ፣ አንዱ ወደ ወገብ። በራስ በኩል የቀረችው ቀዳዳ በ25ኛው ቀን ገደማ ትደፈናለች። በወገብ በኩል የቀረችው በ28ኛው ቀን ገደማ። ልቡም መምታት የጀመረው በዚያው በ22ኛው ቀን አካባቢ ነው፤ የእጆቹ ቡቃያ በጎኑ ላይ ብቅ ብሏል። ሽሉ በሙሉ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ አንዲት የምስር ፍሬ። እናቲቱ ዘንድ ያለው ምልክት ደግሞ የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት መዘግየቱ ብቻ ነው። የሦስት ወር መርፌ ስትወስድ የነበረች ወይም የምታጠባ ከሆነች ያም ምልክት የላትም።

ዚፑ ሳይዘጋ ሲቀር የሚመጣውን ጉዳት የነርቭ ዘንግ ክፍተት እንለዋለን። የራስ በኩል ክፍት ከቀረ የራስ ቅሉ ጣሪያና አብዛኛው አንጎል አይሠራም፤ እንዲህ ያለው ሕፃን በማህፀን ውስጥ ወይም በተወለደ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ያርፋል። የወገብ በኩል ክፍት ከቀረ አከርካሪው ከኋላ አይገጥምም፤ ሕብለ ሰረሰሩ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ወይም ጭራሹን ሳይሸፈን በጀርባው ላይ ይታያል። ከክፍተቱ በታች ያሉት ነርቮች ስለሚጎዱ እግር ይሰንፋል ወይም ይታጠፋል፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ያስቸግራል። የኋላኛው አንጎል ወደ አንገት ስለሚጎተትና የፈሳሹን መውጫ ስለሚዘጋ ብዙዎቹ ላይ በጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። ጉዳቱም በ28ኛው ቀን አይቆምም፤ ተጋልጦ የቀረው ሕብለ ሰረሰር በሽርት ውሃው ውስጥ ለወራት እየታሸ የበለጠ ይጎዳል። ምች መታው፣ ቡዳ በላው፣ የእናት እርግማን ነው የሚባለው አንዱም ምክንያት አይደለም፤ እናቲቱም ይህን ያህል መከራ ላይ ወቀሳ ሊጨመርባት አይገባም።

እንግዲህ ለምን ፎሌት? ጠርዞቹ አድገው እንዲገናኙ ሕዋሶቻቸው በከፍተኛ ፍጥነት መባዛት አለባቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዲኤንኤውን አንድ ሳያስቀር ይገለብጣል፤ ለዚህ ግልበጣ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ፎሌት ነው። ሲያንስ መባዛቱ ይዘገያል፣ መዝጊያው ቀን ግን አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሙከራ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ፅንስ የነበራቸውን ሴቶች ይዞ ነበር፤ ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ የመደገሙ ዕድል በ72 ከመቶ ቀነሰ። ሁሉንም አይከላከልም፤ የስኳር ሕመም፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የዘር ሁኔታም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም አንዲት ርካሽ ኪኒን ይህን ያህል የምትሠራበት ሌላ ቦታ በሕክምና ውስጥ ብዙ አናውቅም።

መጠኑ እንዲህ ነው። ልታረግዝ የምትችል ማንኛዋም ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም፤ በማሸጊያው ላይ 0.4 ሚሊግራም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፣ አንድ ነው። በደሟ ውስጥ በቂ መጠን እስኪጠራቀም ሳምንታት ስለሚፈጅ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሁለትና ሦስት ወር አስቀድማ ትጀምርና እስከ 12ኛው ሳምንት ትቀጥላለች። አንድ ቀን ብትረሳ በማግስቱ እንደወትሮው አንድ ትውጣለች እንጂ ሁለት አትደራርብም። ከዚህ በፊት የነርቭ ዘንግ ክፍተት ያለበት ፅንስ የነበራት፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት የሚያስፈልጋት 5 ሚሊግራም ነው፤ ይህን ሐኪም ያዝላታል። በመድኃኒት ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይኸው ባለ 5 ሚሊግራሙ ስለሆነ፣ «ፎሊክ አሲድ ስጡኝ» ማለት አይበቃም፤ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ከሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ሶዲየም ቫልፕሮኤት ይህንኑ የጀርባ ክፍተት ከሚያባብሱት ዋነኛው ነው። ይሁንና በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆም እናትንም ፅንስንም የሚገድል መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል፤ መቀየር ያለበት ከእርግዝና በፊት፣ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። በመጀመሪያው የክትትል ቀን የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው። ጥሩ ኪኒን ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው በአገራችን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት ከአምስት ሴቶች አንዷ ብቻ ነበሩ። እርግዝናን ሆድ ሳይገፋ መናገር ነውር ወይም የክፉ ዓይን መጋበዣ ተደርጎ በሚታይበት ቦታ ሴቲቱ የምትመጣው በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ነው። በስምንተኛው ሳምንት ብትመጣ እንኳ የጀርባው ጉዳይ ካበቃ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ያኔ የሚጀመረው ኪኒን ለደም ማነስ ይጠቅማልና አይተው፤ ጀርባውን ግን አይደርስበትም። በየሆስፒታሎቻችን የተደረጉት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ የነርቭ ዘንግ ክፍተት ከ10,000 ወሊድ ወደ 60 ይጠጋል፤ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ መጨመርን ግዴታ ካደረጉ አገሮች ብዙዎቹ ከ10 በታች ናቸው። የሆስፒታል ቁጥር የከበዱ ወሊዶች ስለሚበዙበት ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም ልዩነቱ በዚያ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

«ምግባችን ጎመንና ምስር አይደለም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ቆስጣ ሁሉም ፎሌት አላቸው። ችግሩ ፎሌት በውሃ ይሟሟል፣ በረጅም ሙቀትም ይጠፋል። ጎመኑ በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይጨመቃል፣ አረንጓዴው ውሃ ይደፋል፤ ከተደፋው ጋር ብዙው ፎሌት ሄደ። በጥቂት ውሃ ከድኖ ለአጭር ጊዜ ማብሰል፣ ውሃውንም እዚያው ወጡ ውስጥ ማስቀረት የተሻለ ነው። ሌላው ቢ12 የተባለው ቪታሚን ነው። ከፎሌት ጋር እጅና ጓንት ሆኖ የሚሠራ ሲሆን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ረጅም ጾም የምትጾም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ይህን ለጤና ባለሙያም ለንስሐ አባቷም ብታማክር መልካም ነው። እንግዲህ በጥንቃቄ የበሰለ ምግብም ቢሆን ብቻውን በቀን የሚፈለገውን በእርግጠኝነት ያሟላል ማለት ስለማይቻል ነው ኪኒኑ የሚታዘዘው።

በዱቄትም መድረስ ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በእህል ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገድዳለች። በእኛም አገር በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት የማበልጸግ ደረጃ አስገዳጅ ሆኗል። እርምጃው የሚያስደስት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ቤተሰብ የሚበላው እንጀራ ነው፤ ጤፉ፣ ማሽላው፣ በቆሎው ተለቅሞ ሠፈር ባለ ወፍጮ ቤት ይፈጫል። ፋብሪካ ውስጥ የሚነሰነሰው ፎሊክ አሲድ እነዚያን ወፍጮ ቤቶች አያገኛቸውም። ጨው ግን ወደ ሁሉም ቤት ይገባል። አብዛኛው ጨዋችን ከአፋር፣ ከአፍዴራ የሚወጣ ነው፤ በሕግ አዮዲን ይጨመርበታል። ከአዮዲኑ ጋር ፎሊክ አሲድ አብሮ የሚጨመርበትን መንገድ በጥናት የያዙ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛ ከየትኛውም መንገድ ይልቅ ይህ ለአገራችን ይሆናል ብለን እናምናለን። አዮዲኑ ራሱ የዚሁ ጉዳይ አካል ነው፤ ፅንሱ የራሱን የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማምረት የሚጀምረው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ እስከዚያ አንጎሉ የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ብቻ ነው። ጨውን በክዳን ዕቃ፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ላይም ከእሳት ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑን ያቆየዋል።

ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። የላይኛው ከንፈር በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ይገጥማል፤ ሳይገጥም ሲቀር የከንፈር መሰንጠቅ ይሆናል። ላንቃው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ይዘጋል። በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ጣቶቹ ተለያይተዋል፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲሜትር ሆኗል፣ ዋና ዋና አካላቱ ሁሉ ተጀምረዋል። ከዚህ በኋላ ሽል መባሉ ቀርቶ ፅንስ ይባላል፤ ሥራውም በአብዛኛው ማደግና መብሰል ነው። (እነዚህ ሳምንታት ከፅንሰት የተቆጠሩ ናቸው፤ በክትትል ካርድ ላይ ለማየት ሁለት ይጨመርባቸው።) ጠላ፣ ጠጅና አረቄ በእነዚያ ሳምንታት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው አንጎልን ይጎዳሉ፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። ኮሶም በእርግዝና ጊዜ አይጠጣም።

አንድ የሚያሳስበን ነገር ስላለ የእንግዴ ልጁ ላይ ትንሽ እንቆይ። በብዙ ቦታ ነፍሰ ጡር ሴት ወተት፣ ሙዝ፣ ተልባ ወይም ገንፎ ትከለከላለች፤ «በልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል» ይባላል። ሕፃኑ ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገርም ለዚህ ማስረጃ ተደርጎ ይቀርባል። የእናት ጨጓራና ማህፀን ግን አይገናኙም። የበላችው ተፈጭቶ በደሟ ይገባል፤ ከደሟ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው በእንግዴ ልጁ ስስ ግድግዳ በኩል ነው፤ የሁለቱ ደም እንኳ ጎን ለጎን ይፈሳል እንጂ አይቀላቀልም። ግማሽ ኪሎ የሚያህለው የእንግዴ ልጅ ለፅንሱ ሳንባም፣ አንጀትም፣ ኩላሊትም ነው። በእትብቱ ውስጥ ሦስት የደም ሥሮች አሉ፤ አንደኛዋ ኦክሲጅንና ምግብ የያዘ ደም ወደ ሕፃኑ ታመጣለች፣ ሁለቱ ቆሻሻ የያዘውን ይመልሳሉ። ነጩ ነገር ደግሞ ከአምስተኛው ወር ጀምሮ የሕፃኑ ቆዳ ራሱ የሚያወጣው ቅባት ከተራገፈ የቆዳ ሕዋስ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቆዳው ለወራት ውሃ ውስጥ ሲኖር እንዳይጎዳ ይሸፍነዋል፤ ሲወለድም ሙቀቱን ይጠብቅለታል። ተፈግፍጎ መውጣት የለበትም፤ ሕፃኑ በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብሎ ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ ይሆናል፣ ገላው የሚታጠበው ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ሌላው «ኪኒኑ ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያጠናል» የሚለው ፍርሃት ነው። ፎሊክ አሲድ አያወፍርም። አይረኑ የሚሄደው ወደ ደም ነው፤ በእርግዝና የእናት ደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር አይረን ከጎደለ ደሙ ይቀጥናል። ሰገራ መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው። ቡናና ሻይ አይረኑ እንዳይሰርጽ ስለሚይዙት ከኪኒኑ በፊትም በኋላም አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ያስፈልጋል። ልጁ እንዳይገዝፍ ብሎ በመጨረሻዎቹ ወራት ምግብ መቀነስ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት 1 ኪሎ ገደማ የነበረው ፅንስ 3 ኪሎ የሚሆነው በእነዚያ ሦስት ወራት ነው። ሳንባውም የሚበስለው ያኔ ነው። የአየር ከረጢቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚከለክለው ቅባት መሰል ነገር በ24ኛው ሳምንት ገደማ መመንጨት ይጀምርና በ35ኛው አካባቢ በቂ ይሆናል። ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ የመጣባት እናት ቶሎ ሆስፒታል ከደረሰች 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ይወጋላትና የሕፃኑ ሳንባ እንዲዘጋጅ ይረዳል። «እስኪነጋ ልጠብቅ» ማለት ያን ዕድል ያሳልፋል።

አልትራሳውንድ ላይ አንድ ልመና አለን። የፅንሱ ዕድሜ በትክክል የሚታወቀው ከ8ኛው እስከ 13ኛው ሳምንት ከራስ እስከ መቀመጫ ሲለካ ነው፤ ያኔ ስሕተቱ ከሳምንት አይበልጥም፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ጀርባ፣ ልብ፣ ከንፈርና ኩላሊት በደንብ የሚታዩት ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ነው። ቤተሰብ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ነው። እባካችሁ መጀመሪያ «ጀርባው ተዘግቷል? ራሱ ሙሉ ነው?» በሉ። ክፍተት እንዳለ አስቀድሞ ከታወቀ የት እንደሚወለድ፣ ማን እንደሚጠብቀው መወሰን ይቻላል።

ሳይታወቅ ከተወለደስ? ጀርባው ላይ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ቅጠል ወይም አልኮል አይደረግም። በንጹሕ የጨው ውሃ፣ ማለትም ለደም ሥር በሚሰጠው ግሉኮስ የሌለበት ኖርማል ሳላይን፣ የራሰ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጎዝ ይደረግበታል፤ እንዳይደርቅ በላዩ ንጹሕ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ሕፃኑ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛል እንጂ በጀርባው አይተኛም። ጎዙ በሰገራ እንዳይነካ ከታች በኩል ይከለላል፣ ሙቀቱ ይጠበቃል፣ ጡት ይጠባል። ከዚያ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቀን ይላካል፤ ክፍተቱ በ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ሲዘጋ የአንጎል ሽፋን ኢንፌክሽን አደጋ ይቀንሳል። የጭንቅላቱ ዙሪያ በየሳምንቱ በሜትር ይለካ። በፍጥነት ከጨመረ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ነውና ቶሎ ይታይ። እነዚህ ልጆች በጊዜ ከታከሙና ሽንታቸውን በቱቦ ማስወጣት ቤተሰቡ ከተማረ ትምህርት ቤት ገብተው የሚያድጉ ልጆች ናቸው፤ በቤት ውስጥ ሊደበቁ አይገባም።

የምንጠይቀው ነገር አዲስ ሕንፃም አዲስ ማሽንም አይፈልግም። አንዲት ሴት ልታረግዝ ማሰቧን ለጤና ባለሙያ የምትናገርባቸው ቀናት አሉ። በክንዷ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ወይም ሉፑን ልታስወጣ ስትመጣ «ልጅ ፈልጌ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ልትፀንስ ትችላለች። የሦስት ወር መርፌ ያቋረጠችው ብዙ ጊዜ ወራት ይወስድባታል፤ ያ ለፎሊክ አሲዱ የተመቸ ጊዜ ነው። ሊጋቡ የተዘጋጁ ጥንዶች ለኤችአይቪ ምርመራ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ፤ ሁለቱም አብረው ተቀምጠው ውጤት በሚጠብቁበት በዚያ ግማሽ ሰዓት ስለዚህች ኪኒን መንገር ይቻላል። ፅንስ የወረደባት ወይም ሕፃኗ ያረፈባት እናት ከሆስፒታል ስትወጣም እንዲሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲሄዱ ጡት ያስጣለችውን እናት ያገኟታል። በእነዚህ ቀናት ሁሉ የሚሰጠው ምክር አሁን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። መከላከያው በወጣበት ጠረጴዛ ላይ፣ ቁስሉ በፋሻ እየታሰረ ሳለ፣ 90 ፍሬ ባለ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ለሴቲቱ ቢሰጥና በካርዷ ላይ የተጀመረበት ቀን ቢጻፍ እንላለን። ጋዜጣችሁም የሚቀጥለውን የእርግዝና ምክር ሲያወጣ ከዚያ ጠረጴዛ ይጀምርልን።

በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ